«ያገርሽን መኪና ግዢ» ላሉት አጎት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ፣ ባለቤቴ መምህር ነው። ለስድስት ዓመት ያጠራቀምነው ብር ለአንድ የቤት መኪና ደርሷል። ሦስት ምርጫ ይዘናል። አንደኛዋ አገር ውስጥ የተገጣጠመች ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ናት። ሁለተኛዋ ተገጣጥማ ከውጭ የገባች፣ የጀርመን ስም ያላት ትልቅ ኤሌክትሪክ ናት፤ እሷን ከመረጥን መበደር አለብን። ሦስተኛዋ ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ፣ ቤንዚን። አጎቴ የአርበኛ ልጅ ናቸው፤ «አባቴ ላገሩ ደሙን ሰጠ፣ አንቺ ያገርሽን መኪና መግዛት አቃተሽ?» ብለው ተቆጡኝ። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ደግሞ «ቶዮታ ያልሆነ ቆርቆሮ ነው» ይላል። በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር አንበልጥም። በየሁለት ሳምንቱ እናቴ ዘንድ ቢቸና፣ በየሁለት ወሩ ለመድኃኒት ግዢ አዲስ አበባ እንሄዳለን። የአገር ፍቅር በመኪና ግዢ ውስጥ ቦታ አለው ወይ? ካለውስ ስንት ብር ያህል?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

ሁለቱም ዘመዶችዎ ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነው ሙሉውን የሚከራከሩት። አገር መውደድ በመኪና ግዢ ውስጥ ቦታ አለው፤ እኛም እንደዚያ እናምናለን። ግን ቦታውን ለማግኘት ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ትተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዛሬ ከሚከፍሉት ብር ስንቱ አገር ውስጥ ይቀራል፣ መኪናዋ ለሚቀጥሉት 10 ዓመታት ምን ትጠጣለች፣ ስትሰበርስ ማርቆስ ላይ ማን እጁን ያስገባባታል።

አጎትዎ አባታቸውን ካነሡ አይቀር፣ አርበኛው የያዘውን ጠመንጃ እናስታውስ። ውጅግራ ፈረንሳይ ሠራሽ ነበር፣ ምንሽር የኦስትሪያ፤ ከጠላት እጅ የተማረከውም ራሱ ጣሊያን ሠራሽ ሆኖ ጣሊያንን ወጋ። አርበኛውን የሚያስጨንቀው ጥይቱ ነበር። ጥይት ያጣ ምንሽር ለእረኛ ዱላነት እንኳ ይከብዳል። የመኪና ጥይቷ መለዋወጫ ነው፤ ይህን ለአጎትዎ ቢነግሯቸው የሚገባቸው ይመስለናል።

አሁን «አገር ውስጥ የተገጣጠመች» የሚለውን ቃል እንፍታው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። የሞተር ብሎክ አቅልጦ፣ የባትሪ ሴል ሠርቶ የቤት መኪና የሚያወጣ ፋብሪካ የለንም። ያለን መገጣጠሚያ ነው፣ መገጣጠምም ዓይነት አለው። በከፊል ተገጣጥማ የምትመጣ አለች፦ ቀለሟ ተቀብቶ፣ ወንበሯ ገብቶ፣ ሽቦዋ ተዘርግቶ ትደርስና እዚህ ጎማ፣ ባትሪና ጥቂት ዕቃ ይታሰርላታል። ሥራው በብሎን የሚያልቅ ነው። ሙሉ በሙሉ ተበታትና የምትመጣ ደግሞ አለች፤ ነጋዴዎቹ ሲኬዲ ይሏታል። ላሜራዋ እዚህ ይበየዳል፣ እዚህ ትቀባለች፣ ውስጧ እዚህ ይሞላል። በያጅ፣ ቀለም ቀቢ፣ መርማሪ ሁሉ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚህም በላይ ላሜራዋን የበየደ ሰው ነገ ተጋጭታ ስትመጣ እንዴት እንደሚመልሳት ያውቃል። አጎትዎ የሚሟገቱላት መኪና ይህቺኛዋ ናት። ስለዚህ ሻጩን «የት ተገጣጠመች?» ብለው አይጠይቁት፤ «ላሜራዋ የት ተበየደ? የት ተቀባች?» ይበሉት። መልሱ «እዚያው ቻይና» ከሆነ ከአገር ውስጥነት የቀራት ጥቂት ሰዓት የብሎን ሥራ ነው።

ስም እንዴት እንደሚያታልል አንድ ምሳሌ እነሆ። ሆላንድ ካር የሚባል ኩባንያ ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም ነበር፤ ለመኪኖቹ የወንዝ ስም ያወጣላቸው ነበርና አንዷ «አባይ» ተባለች። ስሟ ከአባይ ምንጭ ከሰከላ ቢፈልቅም አካሏ ሊፋን 520 ነው፣ የቻይናዋ የቾንቺንግ ከተማ ልጅ። ሆላንድ ካር በኪሳራ ተዘጋ። ሊፋንም ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. በኪሳራ ሕግ ሥር መልሶ ለመዋቀር ተገደደ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው፣ አምራቹ ሲዘጋ የተሰበረ ዕቃ ይዞ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ሰፈር ሱማሌ ተራን መዞር የባለቤቱ ዕጣ ነው። በሌላ በኩል አምቼ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የፊያትና የኢቬኮ የጭነት መኪና ሲገጣጥም ኖሯል፤ የመኪኖቹ ስም ጣሊያንኛ ስለሆነ የተጎዳ ሾፌር የለም።

የውጭዎቹም ስም እንደዚያው ነው። ሱዙኪ ዲዛየር የጃፓን ስም ይዛ ሕንድ ትሠራለች። የቮልቮ የቤት መኪና ድርጅት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቻይናው ጂሊ ንብረት ነው። በከተሞቻችን የሚታዩት አብዛኞቹ ፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ከቻይና የመጡ ናቸው፤ አይዲ 6 እንዲያውም ለቻይና ገበያ ብቻ የወጣች መኪና ናት። ማረጋገጥ ከፈለጉ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር መጀመሪያ ይዩ፦ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ኤል ከሆነ ቻይና፣ ደብልዩ ከሆነ ጀርመን፣ ኬ ከሆነ በአብዛኛው ኮሪያ፣ ኤምኤ ከሆነ ሕንድ ነው። ሁለተኛዋ ምርጫዎ ላይ ኤል የሚያዩ ይመስለናል። ያኔ የቤተሰቡ ክርክር «አገር ውስጥ ወይስ ጀርመን» መሆኑ ያበቃና «ቻይና ወይስ ቻይና» ይሆናል።

ወደ ብሩ እንመለስ። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ያዩዋት ኮሮላ ዶላሯ የወጣው ድሮ ነው። ሲገዟት ብሩ ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ ሌላ ኢትዮጵያዊ ኪስ ይገባል፤ በግዢዋ ቀን ከሦስቱ መኪኖች ለውጭ ምንዛሬ የምትቀለው «የውጭ» የተባለችው ኮሮላ ናት። ሻጩ በብሩ ኤሌክትሪክ መኪና ያስመጣ ይሆናል፤ እሱ የእሱ ሒሳብ ነው። ይህን ለወንድምዎ ሲነግሩት ደስ ይለዋል፤ ቀጣዩን ግን አይወደውም።

በደብዳቤዎ መሠረት በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳሉ። ኮሮላዋ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትጠጣ በዓመት 1,050 ሊትር፣ በ10 ዓመት ከ10,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ነው። እያንዳንዷ ሊትር በዶላር ተገዝታ ከባሕር ማዶ የመጣች ናት። ትንሿ ኤሌክትሪክ ለተመሳሳዩ መንገድ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ፣ በዓመት 2,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመጣው። የህዳሴው ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ከመካከላቸው ባለ 400 ሜጋዋቱ አንዱ በሙሉ አቅሙ ሲዞር የእርስዎን የዓመት ፍጆታ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣዋል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እያልን ለኖርን ጎጃሜዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አጎትዎ የቦንድ ደረሰኛቸውን አስቀምጠው ከሆነ፣ የአገር ፍቅር ክርክራቸው ከመገጣጠሚያው ፋብሪካ ይልቅ እዚህ ላይ ቢቆም ይጠነክራል፦ ኤሌክትሪክ መኪና የትም ትገጣጠም የት፣ ዕለት ዕለት የምትጠጣው ያገር ቤት ውኃ ነው።

«ስንት ብር ያህል?» ላሉት ቁርጥ መልስ አለን። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተበታትና የምትገባ ኤሌክትሪክ መኪና ጉምሩክ ቀረጥ የለባትም፣ በከፊል የተገጣጠመችው 5 ከመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥማ የምትመጣ የቤት መኪና ደግሞ 15 ከመቶ ተደረገ። የጉምሩክ ዋጋዋ 1 ሚሊዮን ብር በሆነች መኪና ላይ ልዩነቱ ከ100,000 እስከ 150,000 ብር ነው። ተመን ይቀያየራልና በገዙበት ሳምንት ያለውን ከጉምሩክ ይጠይቁ፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ለገጣጠመ ሰው አገሪቱ አስቀድማ ድርሻዋን ከፍላለታለች። መኪናዋ ከውጭ ከመጣችው አቻዋ ካልረከሰች ያ ልዩነት የት ገባ ብለው ይጠይቁ፤ «ያገርዎ ስለሆነ ነው» ለሚል ሻጭ ደግሞ አንድ ብር አይጨምሩ። ላሜራዋ እዚህ የተበየደ ከሆነና ሻጩ ከዚህ በታች የምንዘረዝረውን በጽሑፍ ከሰጠ፣ ከውጭዋ አቻዋ ዋጋ በላይ እስከ 5 ከመቶ መጨመር ተገቢ ነው እንላለን። ያ ገንዘብ ላገርም ለእርስዎም ይሠራል።

በጽሑፍ የሚጠየቀው ይህ ነው። መድኃኒት ቤት አለዎትና ባች ቁጥርና የማብቂያ ቀን ሳያዩ ዕቃ እንደማይረከቡ እናውቃለን፤ እዚህም ያንኑ ያድርጉ። መጀመሪያ የመለዋወጫ ዋጋ ዝርዝር በማኅተም ይቀበሉ፦ የፊት ፓራውልት፣ የፊት መብራት፣ የፊት መስታወት፣ የፍሬን ሸራ፣ የፊት እግር ክንድና ኩሽኔታ፣ ቻርጀሩ፣ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ። እያንዳንዱ መጋዘን ውስጥ አሁን አለ ወይስ ታዝዞ የሚመጣ? ታዝዞ ከሆነ በስንት ቀን? ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የጠቀስናት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ እሷ ከደከመች በሩ አይከፈትም፣ ስክሪኑ አይበራም፣ መኪናዋ ሞተች ተብሎ በክሬን አዲስ አበባ ትጫናለች፤ ነገሩ ግን በአንድ ትንሽ ባትሪ የሚያልቅ ነበር።

ቀጥሎ የትልቁ ባትሪ ዋስትና። ስንት ዓመት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ አቅሙ ከስንት ከመቶ በታች ሲወርድ ነው የሚቀየረው? ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ይላሉ፤ እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ፈራሚው ማን እንደሆነ ነው፦ ቻይና ያለው ፋብሪካ ወይስ እዚህ ያለው ድርጅት? ባትሪው ከመኪናዋ ዋጋ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ይይዛልና ይህ ወረቀት ከሊብሬዋ ቀጥሎ ውዱ ነው። በመጨረሻም «ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ብትቆም ባለሙያ ይመጣል ወይስ እኔ አመጣታለሁ? ማጓጓዣውስ በማን?» ይበሉ። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ዕቃም ባለሙያም አይገባም፤ ስለዚህ አንድ ስብስብ የፍሬን ሸራ፣ የዋይፐር ጎማና ሁለት ፊውዝ ከመኪናዋ ጋር ይዘው ይምጡ።

የማርቆስ መካኒኮች በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ምን ያህል ይሠራሉ? ፍሬኗን፣ ሞላዋን፣ መሪዋን፣ ጎማዋን እንደማንኛዋም መኪና ይሠሩታል። ብርቱካናማ ኬብል ያለበትን ክፍል ግን 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት የሌለው ሰው እንዳይነካው። ኬብሉ የሚሸከመው ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ከያዘ አይለቅም። ከስር የተዘረጋው ባትሪ ደግሞ ኮረኮንች ይፈራል፤ መኪናዋን በክሪክ አስነሥተው የባትሪው መከላከያ ብረት ይሁን ፕላስቲክ ይዩ። ፕላስቲክ ከሆነ ጎበዝ ባቲላሜራ 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሊገጥምበት ይችላል፤ ብሎኑን ግን ባትሪው ሳጥን ላይ እንዳይበሳው፣ ያኔ ዋስትናዋ ያከትማል።

አሁን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ከማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጀን ድልድዩ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ ከድልድዩ ጎሐ ጽዮን ሌላ 20 ዳገት፤ ከፍታው በእያንዳንዱ ወገን 1,400 ሜትር ገደማ ይለያያል። ሰው ጭና 1,700 ኪሎ የምትመዝን ኤሌክትሪክ መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ 3 ያህሉን ይመልሳል። ባለ 39 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከያዘች ዳገቱ ብቻውን ሩቡን ወሰደ ማለት ነው። ድልድዩ ላይ ከ35 ከመቶ በታች ይዘው ከደረሱ አይጀምሩት። ደጀን ላይ ደግሞ 100 ከመቶ ሞልተው አይውረዱ፤ የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልምና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ሲግል ፔዳሉ ይለሰልሳል።

የማስታወቂያው የርቀት ቁጥርም ይታረም። ቻይና የምትጠቀምበት መለኪያ ለጋስ ነው፤ 405 ኪሎ ሜትር የተባለችውን 290 ብለው ያንብቡ። ማርቆስ–አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ትንሿ መኪና በአንድ ሙሌት አትደርስም። መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጅ ይኖራል ብለው አይነሡ፤ ደውለው ያረጋግጡ። ፍቼ ላይ ሆቴል ግድግዳ ላይ ካለ ተራ ሶኬት 3 ሰዓት ቢሰኩ የሚያገኙት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከምሳና ከቡና ጋር ቢያዘግምም ያደርሳል። በዓመት ስድስት ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን እኛ ሌላ እንላለን፦ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይሂዱ፣ መድኃኒቱን በጭነት ያስልኩ። ለስድስት ጉዞ ብሎ ሦስት መቶ ስልሳ ቀን ትልቅ ባትሪ ተሸክሞ መዞር ብር ማባከን ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር እንደሚፈራው አይደለም። በቀን 25 ኪሎ ሜትር 4 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከተራው ባለ 10 አምፔር ሶኬት ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። አንዴ የሞላች መኪና ለከተማ ሥራ ብቻ 10 ቀን ትቆያለች፤ መብራት ሳምንት ቢጠፋ ቤንዚን ጠፍቶ ከሚሰለፈው ጎረቤትዎ ይሻላሉ። በ16 አምፔር ሲሰኩ ግን መኪናዋ የምትስበው 3.5 ኪሎዋት ነው፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ ያህል። ልዩነቱ ምጣዱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠፋል፣ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ትበላለች። ስለዚህ በዲቫይደር በጭራሽ እንዳይሰኩ፤ ሶኬቱ ቀልጦ እሳት የሚነሣው በዚያ ነው። ከቆጣሪው በቀጥታ ለብቻው መስመር ያስጎትቱ፦ ለ16 አምፔር 4 ካሬ፣ ለ32 አምፔር ግድግዳ ቻርጀር 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ፤ ከነብሬከሩና ባለ 30 ሚሊ አምፔር የሰው ማዳኛ ብሬከሩ። አርዝ ከሌለ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ቀይ አብርተው እምቢ ይላሉ፤ የመዳብ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ አስተክሎ ማስለካት ነው መፍትሔው። ምሽት ላይ ምጣዱም ምድጃውም ስለሚሠራ መስመሩ ይደክማል፣ ቻርጀሩም ያቋርጣል፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ሰዓቱን ይሙሉት። ባትሪው የብረት ፎስፌት ዓይነት ከሆነ በሳምንት አንዴ 100 ከመቶ ይሙሉት፤ አለበለዚያ መቁጠሪያው ይሳሳታል።

ስለ ጀርመን ስሟ መኪና ባጭሩ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነች የፋብሪካው ዋስትና ቻይና ይቀራል፣ ስክሪኗ ቻይንኛ ያወራል፣ የቻርጅ ቀዳዳዋም የቻይናው ጂቢቲ ስለሆነ ሁሉም ጣቢያ አይገጥማትም። ክብደቷ ከ2 ቶን ያልፋል፤ ቸርኬዋ 20 ኢንች ሊሆን፣ የፊትና የኋላ ጎማዋም ስፋቱ ሊለያይ ይችላል። ማርቆስ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄደው ያንን ቁጥር ጎማ ይጠይቁ፤ ፊቱን አይተው መልሱን ያውቁታል። በርቀት ታሸንፋለች፣ አዲስ አበባ በአንድ ሙሌት ትደርሳለች። በብድር ግን አይግዟት፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ይወርዳል፣ ዕዳው አይወርድም።

ኮሮላዋን ከመረጡ ወንድምዎ አልተሳሳተም፦ ጥይቷ ጎጃም ሙሉ አለ። ከማርቆስ እስከ ዳንግላ ካንዴላዋን፣ ፍሪሲዮኗን፣ ኩሽኔታዋን የማያውቅ ጋራዥ የለም። ግን ሐሰተኛ ዕቃውም እንዲሁ ሞልቷል፣ በተለይ ፍሬን ሸራ። ስትገዙ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ጊዜ ጠዋት ሄደው ራስዎ ያስነሡት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የማያቋርጥ ነጭ ጭስና የሚቀንስ የራዲያተር ውኃ ቴስታታው ጋ ያለው ጓርኒሲዮን እንደተበላ ይጠቁማል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ኃይል) ያስለኩ፦ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፣ ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ያንሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ትተው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ፣ ከ10 ከመቶ በላይ ከሆነ ይተዋት። ቆጣሪዋ 90,000 እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ልጦ ካለቀ ቆጣሪው ተመልሷል። በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ውኃም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ «ሙቀት ትቀንሳለች» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የጣለ መካኒክ ነክቷት እንደሆነ ይጠይቁ። ሻንሲና ሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር ሳያመሳክሩ ቀብድ አይስጡ።

ፍርዳችንን እንስጥ። ለቀን 25 ኪሎ ሜትርና ለቢቸና የምትሆነው ትንሿ ኤሌክትሪክ ናት፤ አገር ውስጥ የተገጣጠመችውን ከውጭዋ አቻዋ የምናስቀድማት ግን የመለዋወጫው ዝርዝር፣ የባትሪው ዋስትናና የባለሙያው ስምምነት በማኅተም ከተሰጠዎት ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ኮሮላዋን ይግዙ፣ ምንም አይፈሩ።

አጎትዎንም ይዘዋቸው ወደ ሻጩ ይሂዱ። ላሜራው የት ተበየደ፣ ዕቃው የት አለ፣ ፈራሚው ማን ነው የሚሉትን ጥያቄዎች እሳቸው ይጠይቁ፤ የአርበኛ ልጅ ሲጠይቅ የሻጭ መልስ ያጥራል። ወደ ደጀን የሙከራ ጉዞ ሲወጡም ከፊት ያስቀምጧቸው፤ ባትሪው ሲወጡና ሲመለሱ ስንት ከመቶ እንዳለ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልግዎታል።